ኳሷ ቀለበቱ ላይ እያለች

እሁድ ረፋድ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት የሲሚንቶ ሜዳ የሰፈር ልጆችን የቅርጫት ኳስ ውድድር እያጫወትን ነው። አራተኛው ሩብ ሊያልቅ ሰከንዶች ቀርተዋል። ውጤቱ 51 ለ 50 ነው። ሰዓት ያዡ ልጅ አንድ እጁ ስልኩ ላይ፣ አንድ እጁ ቩቩዜላው ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሳይረን ስለሌለን የሩብ ማብቂያን የምናሳውቀው በቩቩዜላ ነው።

በአንድ ነጥብ የተመራው ቡድን ኳሷን ይቀባበላል። አረንጓዴ ቲሸርት የለበሰ ቀጭን ልጅ ቀኝ ጥግ ላይ ተቀበላት። የሚያስብበት ጊዜ አልነበረውም። ዘሎ ወረወረ።

ኳሷ አየር ላይ እያለች ቩቩዜላው ጮኸ።

ወረደች። የቀለበቱን የፊት ጠርዝ መታች። አንድ ስንዝር ያህል ነጥራ ተመልሳ ቀለበቱ ላይ አረፈች። ዙሪያውን መንከባለል ጀመረች። ሜዳው በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። ይኼኔ የተከላካዮቹ ረጅሙ ልጅ ተፈናጥሮ ዘለለ። በመዳፉ ጠርጎ ወደ አጥሩ ሰደዳት።

«ጎልቴንዲንግ! ዳኛ! ጎልቴንዲንግ ነው እኮ!»

አጥሩን ተደግፎ የቆመው ሁሉ ጮኸ። እኔ እጄን አወዛውዤ እንደማይቆጠር አሳየሁ። ጨዋታው አለቀ። አረንጓዴ ለባሾቹ ተሸነፉ። ቀጭኑ ልጅ እዚያው ጥግ ላይ፣ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቆሞ ቀረ።

ቅንጣት ታህል አልተጠራጠርኩም። ይህን የምጽፈውም በዚያ እርግጠኝነቴ ምክንያት ነው።

ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። መሃል አዲስ አበባ ላይ ቅርጫት ኳስ የሚወድ ልጅ ሁለት ሕግ ይዞ ነው የሚያድገው። አንደኛው ሌሊት የሚያየው ነው። አሜሪካኖቹ ማታ የሚጫወቱት የኤንቢኤ ጨዋታ እኛ ጋ ሲደርስ ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ልጆቹ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው፣ እናት እንዳትሰማ ድምፁን ዘግተው፣ በስልክ ያዩታል። ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ። ሁለተኛው ሕግ ቀን ሜዳ ላይ የሚዳኙበት የፊባ ሕግ ነው። ፊባ ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ነው። ኦሎምፒክም፣ የዓለም ዋንጫም፣ የአፍሪካ ዋንጫም በፊባ ሕግ ነው የሚካሄዱት።

ሁለቱ በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። ቀለበቱ በሁለቱም ከመሬት 3.05 ሜትር ነው። ተወርውራ ወደ ቀለበት እየወረደች ያለችን ኳስ፣ ሙሉ በሙሉ ከቀለበቱ በላይ ሆና ሳለ መንካት በሁለቱም ክልክል ነው። ጎልቴንዲንግ የሚባለው ይኸው ነው። የሚለያዩት ኳሷ ቀለበቱን ከነካች በኋላ ነው።

በኤንቢኤ ሕግ ከቀለበቱ ጠርዝ ተነስቶ ወደ ሰማይ የሚወጣ የማይታይ ቱቦ አለ። ስፋቱ የቀለበቱ ስፋት ነው። ኳሷ ቀለበቱን መትታ ስትነጥር ከፊሏ እንኳ በዚያ ቱቦ ውስጥ ካለች፣ እጅ አይደርስባትም። በፊባ ሕግ ቱቦው የለም። ኳሷ ቀለበቱን አንዴ ከነካች ነጻ ናት። አጥቂ መልሶ ሊያገባት ይችላል። ተከላካይም ልትገባ ስትንከባለል ጠርጎ ሊያወጣት ይችላል። ቀለበቱን፣ መረቡን ወይም ቦርዱን እስካልነካ ድረስ ማንም አይጠይቀውም።

ይህን ልዩነት ለስንት ልጅ እንዳስረዳሁ ፈጣሪ ይወቀው። በየጨዋታው አንድ ሁለት ጊዜ ይነሳል። ተከላካይ ከቀለበቱ ላይ ኳስ ባወጣ ቁጥር አጥሩ «ጎልቴንዲንግ!» ይላል። እኔም «ይህ ፊባ ነው፣ ቀለበት ነክታለች» እላለሁ። የዚያን ዕለትም ጩኸቱን የሰማሁት በዚሁ በለመደ ጆሮዬ ነው። ሌሊት ያዩትን ቀን ላይ አመጡብኝ ብዬ አሰብኩ።

ልጆቹ ሲበተኑ አንድ ሰው ብቻ ከድንጋይ መቀመጫው አልተነሳም። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። በወጣትነቱ ወወክማ፣ ማለት የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ የተጫወተ ሰው ነው። የድሮ አራት ኪሎን የሚያውቅ ሰው ወወክማ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጋሼ ጨዋታ ላይ አይጮህም፤ ዳኛ ሲሰደብም አይወድም። ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል ጠራኝ።

«ልጄ፣ ያቺ ቩቩዜላ የጮኸችው መቼ ነው?»

«ኳሷ አየር ላይ እያለች ነው ጋሼ። ለዚህ እኮ ነው ብትገባ ይቆጠር የነበረው።»

«እሱንማ አየሁ» አለ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልጨመረም።

ወደ ፒያሳ ቁልቁል ስወርድ ጥያቄው አብሮኝ ወረደ። ማኪያቶዬን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ቀዘቀዘ። ለምን መቼ እንደጮኸ ጠየቀኝ? ቀለበት ነክታለች፤ አለቀ። መቼም ይጩህ መቼ ምን ይለውጣል?

ማታ ቤት ገብቼ የሕግ መጽሐፉን ከፈትኩ። አንቀጽ 31። ስንቴ አንብቤዋለሁ! የዚያን ዕለት ግን ጣቴን መስመሩ ላይ እያስኬድኩ፣ እንደ ፊደል ተማሪ ቃል በቃል አነበብኩት። ከመጨረሻው አካባቢ አገኘሁት። የሩብ ማብቂያው ድምፅ የተሰማው የተወረወረች ኳስ አየር ላይ እያለች ከሆነ፣ ያቺ ኳስ ቀለበቱን ከነካች በኋላም፣ የመግባት ዕድል እስካላት ድረስ ማንም ተጫዋች ሊነካት አይችልም። ዳኛ ፊሽካ ነፍቶ ኳሷ አየር ላይ ከነበረችም እንዲሁ ነው።

ደግሜ አነበብኩት። ሆዴ ባር ባር አለብኝ።

ልጆቹ ልክ ነበሩ። ያሰቡት ሕግ ሌላ ነው፤ የማይታየውን ቱቦ ይዘው ነው የጮኹት። ግን ኳሷ መቆጠር ነበረባት። እኔ ደግሞ ትክክለኛውን መጽሐፍ ይዤ፣ ከመጽሐፉ ውስጥ ያንን መስመር ዘልዬ ፈረድኩ። አረንጓዴ ለባሾቹ አሸንፈው ነበር።

በአማርኛ ችሎት የሚቀመጠውም ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋውም ዳኛ ነው የሚባለው። ተመልካች ሲናደድ «ፍርደ ገምድል!» ይላል። እኔንም ብለውኝ ያውቃሉ። ለአንድ ወገን ያደላሁበት ቀን ስለሌለ ሰምቼ አልፈው ነበር። ያን ማታ ግን ቃሉ ጆሮዬ ላይ ተጣብቆ አደረ። ሳያደላም ፍርድ ሊገመድል እንደሚችል አላሰብኩም ነበርና።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሕጉ ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ለእኔ ነገሩ የተፈታልኝ ያኔ ነው።

ጨዋታ እየሄደ እያለ ቀለበት መትታ የነጠረች ኳስ ሁለት ዕጣ አላት። ልትገባ ትችላለች፤ ደግሞ ሪባውንድ፣ ማለት ሳትገባ ነጥራ የተመለሰች የሽሚያ ኳስ ናት። አሥሩም ተጫዋች ይፈልጋታል። አጥቂው ቢያገኛት መልሶ ይወረውራል፣ ተከላካዩ ቢያገኛት ይዟት ይሮጣል። ስለዚህ ፊባ ተሻሙባት ይላል። ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ግን ሪባውንድ የሚባል ነገር የለም። ይዟት የሚሮጥ የለም፤ ወዴት ይሮጣል? ያቺ ኳስ የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መግባት ወይም አለመግባት። በዚያች ሰዓት የሚነካት እጅ ኳስ እየተሻማ አይደለም። ዕድሏን እየቀማት ነው። ፊሽካ ተነፍቶ ከነበረም ያው ነው፤ ጨዋታው ቆሟል፤ የምንጠብቀው የኳሷን ዕጣ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነስቼ አንቀጹን እንደገና ሳየው፣ ድሮ ለየብቻ የሸመደድኳቸው ነገሮች አንድ ላይ መጡ። ነጻ ውርወራን እንውሰድ። በነጻ ውርወራ ኳሷ ከእጅ ከወጣችበት ጀምሮ ቀለበቱን እስክትነካ፣ እየወጣችም ይሁን እየወረደች፣ መንካት ክልክል ነው። ሌላ ውርወራ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ቀለበት ነክታም ቢሆን፣ የመግባት ዕድል እስካላት አትነካም። ለምን? ሌላ ውርወራ ካለ ሪባውንድ የለማ! የመጨረሻው ውርወራ ሲሆን ግን ቀለበት ከነካች በኋላ ሽሚያው ይጀመራል። ያቺው የቩቩዜላዋ ምክንያት ናት። በመጨረሻው ነጻ ውርወራ ላይ ተከላካይ ጎልቴንዲንግ ከሠራ አንዱ ነጥብ ይቆጠራል፤ ተከላካዩ ላይ ቴክኒካል ፋውልም፣ ማለት ያለ አካል ንክኪ የሚፈጸም ጥፋት፣ ይጻፍበታል። ሕጉ እዚህ ላይ የጠነከረው ወርዋሪው ያለ ተከላካይ እንዲወረውር የተሰጠው መብት ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሐሳብ ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ቅርጫት ኳስን ሲፈጥር 13 ሕጎች ጽፎ ነበር። ቦታው የወወክማ ማሰልጠኛ ነበር። ጨዋታው ከዚያ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው በአብዛኛው በዚሁ ማኅበር በኩል ነው፤ ጋሼን እዚህ አራት ኪሎ ድረስ መጥቶ ያገኘውም እሱ ነው። ከ13ቱ ስምንተኛው ስለ ጎል ይናገራል። ኳሷ በቅርጫቱ ጠርዝ ላይ አርፋ ሳለ ተከላካዩ ቅርጫቱን ካንቀሳቀሰ እንደገባች ይቆጠራል ይላል። ያኔ ቅርጫቱ የእውነት የኮክ ቅርጫት ነው። ድሪብል፣ ማለት ኳስ እያነጠሩ መሄድ፣ የለም። ቦርድ የለም። ግን ጠርዝ ላይ ያለችን ኳስ ዕድሏን አትንፈጓት የሚለው ነገር አለ። ይህን ሳውቅ ልቤ ተነካ።

ጎልቴንዲንግ ግን ብዙ ቆይቶ ነው የመጣው። ኔይስሚዝ ቀለበቱን ከፍ አድርጎ ሲሰቅለው እዚያ ድረስ ዘሎ ኳስ የሚያወርድ ሰው ይመጣል ብሎ የገመተ ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ኮሌጆች ውስጥ ሁለት ረጃጅሞች መጡ። ቦብ ከርላንድ 2.13 ሜትር፣ ጆርጅ ማይካን 2.08 ሜትር። ቀለበቱ ስር ቆመው ልትገባ የምትወርደውን ኳስ ከላይ ይለቅሙ ጀመር። የፈለግኸውን ያህል አነጣጥር፣ ኳስህ ቀለበቱ ጋ አትደርስም። እ.ኤ.አ. በ1944 የኮሌጆቹ ማኅበር ይህን ከለከለ።

አሁን ወደ እኛ ሜዳ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ነገሩ ሌላ መልክ አለው።

የሰፈራችን ረጅሙ ልጅ 1.95 ሜትር አካባቢ ነው። ቆሞ እጁን ሲሰቅል 2.55 ገደማ ይደርሳል። ኳሷ ስፋቷ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉ በሙሉ ከቀለበቱ በላይ ናት የምትባለው የታችኛው ጫፏ እንኳ ከ3.05 በላይ ሲሆን ነው። ያኔ የላይኛው ጫፏ 3.29 ላይ ነው። ልጁ የኳሷን አናት በመዳፉ ለመንካት ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ መዝለል አለበት። ይችላል፤ ግን በየጨዋታው አይችልም። ስለዚህ አጥሩ «ጎልቴንዲንግ!» ከሚልባቸው ኳሶች አብዛኞቹ ከፊላቸው ከቀለበቱ በታች ነው። እየወረደች ስለነበር ብቻ ጎልቴንዲንግ አይሆንም። ከፍታውም መሟላት አለበት።

ቀለበቱን ግን በ50 ሳንቲ ሜትር ዝላይ ይነካዋል። መረቡን ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ስለዚህ እኛ ጋ ብዙ የሚያጋጥመው ሁለተኛው ነው፤ ኢንተርፈረንስ የሚባለው። ኳሷ ቀለበቱ ላይ እያለች ቀለበቱን፣ መረቡን ወይም ቦርዱን መንካት። ከስር በቀለበቱ ውስጥ እጅ ሰዶ ኳሷን መንካት። ቀለበት ጨብጦ በሌላ እጅ ኳስ መጫወት። ቀለበቱን አስነቅንቆ ኳሷ እንዳትገባ ወይም እንድትገባ ማድረግ።

ይኼ የመጨረሻው የእኛን ሜዳ ያመዋል። የቀለበታችን ብሎን ላልቷል። አንዱ ተንጠልጥሎ ሲወርድ ቀለበቱ ለረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልብ ብዬ ቆጠርኩ፤ እስከ አራት እየቆጠርኩ ገና አልቆመም ነበር። ኳሷ በዚያ መሃል ብትደርስስ? መጽሐፉ ለዳኛው ይተወዋል። ነቅነቃው በርግጥ ኳሷን ከልክሏታል ወይ ብሎ የሚፈርደው ዳኛው ነው። ጥሩ ብሎን ባለው ሜዳ ይህ ቀላል ነው። እኛ ጋ ግን ነፋስም ያነቃንቀዋል። ለዚህ ነው ጨዋታ ሳይጀመር መሰላል አምጥቼ ብሎኑን በመፍቻ የማጠብቀው። ልጆቹ መጀመሪያ ይገርማቸው ነበር። አሁን መሰላሉን ይይዙልኛል።

መረብም ሌላ ጣጣ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ መስከረም ላይ ሁለት ሦስት ገመድ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መረብ የሌለው ቀለበት ላይ፣ ከጎን ሆነህ ስታይ፣ ኳሷ በመሃል ትለፍ በፊት ለፊት ትለፍ መለየት ይከብዳል። ሰፈሩ ገንዘብ አዋጥቶ መረብ ሲገዛ እንደ በዓል ነው የማየው።

ቦርዱም የራሱ ነገር አለው። ኳሷ ተወርውራ ቦርዱን ከነካች በኋላ፣ ሙሉ በሙሉ ከቀለበቱ በላይ እስካለች ድረስ፣ እየወጣችም ቢሆን መንካት ጎልቴንዲንግ ነው። ልጆቹ በጣም የሚወዱት ነገር ይህ ነው፤ ሌይ አፕ፣ ማለት ቀለበቱ አጠገብ ሮጦ ደርሶ፣ የሚገባን ኳስ ከኋላ ሮጦ ቦርዱ ላይ መለጠፍ። ያምራል፣ አልክድም። ግን ጥያቄው የእጁና የቦርዱ ቅደም ተከተል ነው። ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ እኔ በጆሮዬ ነው የምይዘው። የእኛ ቦርድ እንጨት ስለሆነ ኳስ ሲነካው «ዷ» ይላል። መዳፍ ኳስ ላይ ሲያርፍ ድምፁ «ጧ» ነው። «ጧ» ቀድሞ «ዷ» ከተከተለ ንጹሕ ብሎክ ነው። «ዷ» ከቀደመ ፊሽካዬ አፌ ውስጥ ነው።

አጥቂዎችን የሚያናድድ ደግሞ አለ። ጓደኛህ ወርውሮ ኳሷ ልትገባ ስትወርድ፣ አንተ ዘለህ ከቀለበቱ በላይ ብትነካት፣ ብትገባም አትቆጠርም። ኳሷ ለተቃራኒ ቡድን ትሰጣለች፤ ከጎን መስመር፣ በነጻ ውርወራ መስመር ትይዩ ያስገቧታል። «የራሴ ጓደኛ ኳስ እኮ ናት!» ይሉኛል። አዎ፣ ግን ውርወራ ነበረች። ቅብብል ብትሆን ኖሮ፣ አየር ላይ ተቀብለህ ብትከታት፣ ማንም አይነካህም። ጎልቴንዲንግ የሚኖረው ለጎል የተወረወረች ኳስ ላይ ብቻ ነው። ተከላካዩ ካጠፋ ግን ኳሷ እንደገባች ይቆጠራል፤ ከተወረወረችበት ቦታ አንጻር ሁለት ወይም ሦስት።

ይህን ሁሉ ለማየት ምን ያህል ጊዜ አለህ? በደንብ የተወረወረች ኳስ ከፍታዋ 4.5 ሜትር ቢደርስ፣ ከዚያ እስከ ቀለበቱ ለመውረድ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅባት። በዚያ ግማሽ ሰከንድ ውስጥ መውረድ ጀመረች ወይ፣ ሙሉ በሙሉ ከላይ ናት ወይ፣ የማን እጅ ነው የሚለውን ማወቅ አለብህ። ሁለት ዳኛ ሆነን ስናጫውት ሥራ የምንካፈለውም ለዚህ ነው። አንዱ ቀለበቱ ስር፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ይቆማል። የሱ ዓይን ግፊያና መጎተት ላይ ነው። ከዚያ ቦታ ሽቅብ ስታይ ኳሷ ትውጣ ትውረድ አትለይም። ሌላው ከኋላ፣ ወደ መሃል ሜዳ ቀረት ብሎ ይከተላል። የኳሷ ጉዞ የሱ ነው። ጎልቴንዲንግም ኢንተርፈረንስም የሱ ነው። ልምድ የሌለው ዳኛ ኳሷ ስትወረወር ዓይኑ ወርዋሪው ላይ ይቀራል፤ ወይም ኳሷ እስክትደርስ ቀለበቱን ያፈጣል። መንገዷን ማየት መልመድ ዓመታት ይፈጃል።

የዚያን እሁድ ከኋላ የነበርኩት እኔ ነኝ። መንገዷን አይቻለሁ። እጁንም አይቻለሁ። ቩቩዜላውንም ሰምቻለሁ። ያየሁት ሁሉ ልክ ነበር፤ የፈረድኩት ግን ስህተት ነበር።

በማግስቱ አብሮኝ ላጫወተው ዳኛ ደወልኩ። «ተወው ወንድሜ፣ ያለፈ አልፏል» አለኝ። «የሚቀጥለው ዙር ዕጣ እንኳ ወጥቷል። አሁን ብትናገር ልጆቹን ነው የምታበጣብጣቸው።» ክፉ አስቦ አይደለም፤ ለእኔም ለልጆቹም አዝኖ ነው። አዘጋጆቹን ጠየቅኩ፤ ውጤቱ አይለወጥም አሉ። ገባኝ። ግን ዝም ልለው አልቻልኩም። ልጁ ጭንቅላቱን ይዞ የቆመበት ጥግ ከዓይኔ አልጠፋም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ጋሼ እንደ ልማዱ ድንጋዩ ላይ ነበር። አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«አገኘሁት ጋሼ» አልኩት። «አንቀጽ 31 ላይ።»

«እኔ ቁጥሩን አላውቅም» አለ። «ልጅ ሆነን ግን አሰልጣኛችን ምን ይለን ነበር፣ ደወሉ ከተደወለ እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ኪስ የለው ቁምጣው!»

ረጅሙን ልጅ መጀመሪያ አነጋገርኩት። አልከፋውም፣ ደነገጠ። «እኔ እኮ ፊባ ይፈቅዳል ብዬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ያንን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የጎደለውን መስመር ጨምሬ ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ ጻፈው።

ቀጭኑ ልጅ ብቻውን ይወረውር ነበር። ከዚያችው ከቀኝ ጥግ። ጠራሁት። ከፊቴ ቆሞ፣ ኳሷን ብብቱ ስር ሸጉጦ፣ ሁሉንም ሰማኝ። መጽሐፉን ከፍቼ መስመሩን አሳየሁት። ውጤቱ እንደማይለወጥ ነገርኩት። ስህተቱ የእኔ እንደሆነ፣ ይቅርታ እንደምጠይቀው ነገርኩት። ምን እንደሚለኝ አላወቅኩም። ቢሰድበኝ አይፈረድበትም።

«ስለዚህ ገብታ ነበር?» አለ።

«እንደገባች ትቆጠር ነበር። 53 ለ 51 አሸንፋችሁ ነበር።»

ዝም አለ። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞሮ የሦስት ነጥቡን መስመር አየ። ቀለሙ ለቋል፤ ቀረብ ካላሉ አይታይም። ራሱን ነቀነቀ።

«አይደለም» አለ። «የቀኝ እግሬ መስመሩን ረግጦ ነበር። ሁለት ናት። 52 ለ 51።»

ማስታወሻዬን አወጣሁ። የዚያን እሁድ ገጽ ፈልጌ፣ እሱ እያየኝ፣ 52 ለ 51 ብዬ ጻፍኩት።